ከአጥሩ ሥር የሞቱት ዓሦች

መቱ ለማስተማር በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በተከራየሁት ቤት ጓሮ ጉድጓድ መቆፈር ጀመርኩ። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ሰው ጓሮው ውስጥ ሲቆፍር ዝም ተብሎ የሚታይበት ዘመን አልነበረም። እኔ ግን ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ሐሳቤ ሁሉ ዓሣና ቆስጣ ላይ ነው።

ነገሩን ያገኘሁት ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ክፍል ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው አቧራ ከጠጣ የውጭ መጽሔት ላይ ነው። ሥዕል ነበረው። ታች ገንዳ ውስጥ ዓሣ፣ ከላይ ጠጠር በሞላ ሳጥን ላይ አትክልት። ውሃው ከገንዳው ወደ ጠጠሩ ይወጣል፤ የዓሣው ኩስ አትክልቱን ያበላል፤ ጠጠሩም ውሃውን አጣርቶ ወደ ገንዳው መልሶ ያንጠባጥባል። አፈር የለው፣ ማዳበሪያ የለው። ጽሑፉ በማላውቀው ቋንቋ ስለነበር ሥዕሉን ብቻ አይቼ መጽሔቱን መለስኩት። በኋላ የመጣብኝ ጣጣ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው።

የቆፈርኩት ጥላ ፍለጋ ከአጥሩ ሥር ነበር። አጥሩን የምንጋራው ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ነው፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ መቱ የከረመ፣ አምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማኛል። ቁፋሮውን በጀመርኩ ዕለት ድምፁ ቆመና ፊቱ በሸምበቆው ክፍተት ብቅ አለ።

«መምህር፣ ምን ልትቀብር ነው?» አለኝ።

ምን ትቆፍራለህ አላለም፤ ምን ልትቀብር ነው አለ። ለዓሣ ነው ብዬ አስረዳሁት። ዓሣ የሚኖረው ወንዝ ውስጥ ነው አለኝና ወደ መኪናው ተመለሰ። በማግስቱ የአጥሩ ክፍተት ሁሉ ከእሱ በኩል በገለባ ተጠቅጥቆ አገኘሁት። ከእኔ የሚደብቀው ምን አለው ብዬ ማሰላሰል የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

በአራተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። አንደኛው የብረት ዘንግ ይዞ የጉድጓዱን ሥር ወጋ ወጋ አደረገው። የከመርኩትን ጠጠር አስነሡኝ፤ ሥሩን አዩ። ሊቀመንበሩ ትምህርት ቤቱ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ያውቃል አልኩት፣ አላመነኝም። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አከራዬ እትዬ በራቸው ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያያሉ። ሰዎቹ ሲሄዱ «ጊዜው ክፉ ነው ልጄ» አሉኝና ገቡ።

ማን እንደነገረብኝ ለመጠርጠር ብዙ አላሰብኩም። ከዚያ ወዲያ የስፌት መኪናው በቆመ ቁጥር ጆሮ የተጣለብኝ ይመስለኝ ነበር። ጓደኞቼ ሲመጡ በለሆሳስ እናወራለን። ከልብስ ሰፊው ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ «እንደምን ዋሉ ጋሼ» እላለሁ፤ ሆዴ ግን ሌላ ይላል።

ገንዳውን በሲሚንቶ ለሰንኩ። ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል በእንጨት እግር ላይ አቁሜ ጠጠር ሞላሁበት፣ ሥሩን በሚስማር በሳሁት። ዓሣውን ያመጡልኝ ከዳሪሙ መንገድ የሚመጡ፣ ሶር ወንዝ ላይ ዓሣ እያጠመዱ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በቅጠል በተከደነ እንስራ አርባ የሚሆኑ ትንንሽ ዓሦች ይዘው መጡ። ገንዳውን ሲያዩ ይህ ሁሉ እዚህ ውስጥ እንዴት ይተነፍሳል ብለው ጠየቁኝ። የሳይንስ ሥራ ነው ብዬ መለስኩላቸው። እንዲህ ማለቴን ሳስታውስ እስካሁን አፍራለሁ።

ፓምፕ የሚባል ነገር አልነበረም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ጠጠሩ ላይ አፈሳለሁ። ዓሦቹን ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ አበላቸዋለሁ፤ ብዙ ባበላኋቸው ቁጥር ቶሎ የሚያድጉ መስሎኝ እጄን አልሰበስብም። ቆስጣው ግን ቢጫ ሆኖ ቆመ፣ ውሃውም መሽተት ጀመረ። ይለምዳል አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ዓሦቹ ሁሉ ከውሃው በላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ይጎርሳሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአምስቱ በቀር ሆዳቸው ነጥቶ ተንሳፈፉ። ጎንበስ ብዬ ስለቅም ከአጥሩ ሥር የተሰነጠቀ የብርብራ ፍሬ አየሁ። ዛፉ ያለው በልብስ ሰፊው ጓሮ ነው፤ ቅርንጫፉ ወደ እኔ ያዘነብላል። ብርብራ ምን እንደሚሠራ በኢሉባቦር የማያውቅ የለም፤ ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ሲበትኑት ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ፍሬው ከዛፉ ሊወድቅ እንደሚችል ለአፍታም አልታሰበኝም። ጉድጓዱን የነገረብኝ ሰው ዓሣዬንም ገደለ አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ሰምቶ መጣ። ዓሣው ለሕዝብ ምግብ የታሰበ የመምህር ሙከራ መሆኑን አሁን ከእኔ በላይ ያመነ መሰለ።

«ማንን ትጠረጥራለህ፣ ጓድ መምህር?»

ማንንም አልጠረጥርም ማለት እችል ነበር። «ብርብራው የእሱ ነው፤ ከእሱ ሌላ አጥር የሚጋራኝ የለም» አልኩ። ስሙን እንኳ አልጠራሁም። ሊቀመንበሩ ደብተሩ ላይ ጻፈ። አሻጥር የሚለውን ቃል ያመጣው እሱ ነው፤ እኔም አላረምኩትም።

ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናው ድምፅ አልነበረም። በማግስቱም አልነበረም። ሚስቱ ምግብ በሰሃን ቋጥራ ወደ ቀበሌ ስትሄድ ከደጄ ላይ አየኋት፤ ቀና ብላም አላየችኝ። የሚገባውን ነው ያገኘው እያልኩ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ዓሦቹ እንዴት እንደሆኑ ሊያዩ መጡ። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ብርብራውንም አሳየኋቸው። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብለው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱና ከሥሩ አንድ ጭብጥ ጥቁር አተላ አወጡ። የበሰበሰ ፉርሽካ ነበር። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«ቢሻን ኬ ዱኤራ፣ ባርሲሳ» አሉኝ። ውሃህ ሞቷል፣ አስተማሪ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ጣታቸውን ወደ ውሃው ዳር ቀሰሩ። የትንኝ ትሎች እየተጥመለመሉ ይዋኛሉ። ብርብራ የገባበት ውሃ ውስጥ እነዚህም በሕይወት አይተርፉም ብለው አስረዱኝ። ዓሦቹን የገደላቸው የራሳቸው ኩስና እኔ የከመርኩባቸው ምግብ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ላስተምር የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ሽማግሌውን ሳልሸኝ ቀበሌ ሮጥኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሰውየው ምንም አላደረገም አልኩት ሊቀመንበሩን። ደብተሩን ገለጠ።

«ባለፈው አሻጥር ነው፣ ዛሬ ደግሞ በራሱ ሞተ። የቱን እንመን?»

የዛሬውን አልኩ። ቃልህን ጻፍ አለኝ፤ ዓሦቹ የሞቱት በእኔ አለማወቅ ነው ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ብዕሩን ስመልስ፣ እኔም ልታሰር ነው ብዬ ነበር። አልታሰርኩም። ልወጣ ስል፣ ያ ሰው ጥሩ ጎረቤትህ ነው መሰለኝ፣ ስለ ጉድጓድህ እንኳ አንድ ቃል አልነገረንም አለኝ። «የነገሩን አከራይህ ናቸው» አለ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

እትዬ ለምን እንዳደረጉት ገብቶኛል። ሌላ ሰው ቀድሞ ቢናገር፣ የደበቁት እሳቸው ይባሉ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ከዚያ በኋላ ግን የሚያቀርቡልኝን ሻይ የምጠጣው ፊታቸውን እያየሁ ነው።

ልብስ ሰፊው በዚያው ቀን ተፈታ። ይቅርታ ልጠይቀው ሦስት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። የገንዳውን ውሃ ቀድቼ ደፋሁ፣ ሥሩን ፈገፈግኩ፣ የተረፉትን አምስት ዓሦች ብቻ መለስኩ፤ ጥቂት ጥቂት ብቻ አበላቸው ጀመር። ከወር በላይ ቆይቶ ውሃው ጠራ፣ ቆስጣውም ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተንዠረገገ። የመጀመሪያውን እስር ቆርጬ ለሚስቱ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። በማግስቱ ገለባው በረገፈበት ክፍተት ሳይ ፍየላቸው ቆስጣውን ታመነዥካለች።

ከሳምንት በኋላ ራሱ በግቢዬ በር ገብቶ ገንዳው አጠገብ ቆመ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ጀመረ።

«የተናገርከውን አንብበውልኛል» አለኝ። «ብርብራው የእሱ ነው ብለሃል። ልክ ነው፣ የእኔ ነው።»

ጋሼ በድዬዎታለሁ አልኩት። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ልይዝ ስል ክንዴን ያዘኝ። ያን ቀን የጠየቀኝ ጉድጓዱን ፈርቶ እንደነበር፣ በዚያ በሽብሩ ዘመን ወንድሙን የወሰዱት ጓሮው ውስጥ ወረቀት ቀብረሃል ብለው እንደሆነ ነገረኝ። አጥሩን የጠቀጠቀው እኔ የምቀብረውን ላለማየት ነው። ካላየ የሚጠየቀው የለም።

«ቆስጣህን የበላችው ፍየል አልሞተችም» አለኝ መጨረሻ ላይ፣ ፈገግ ሳይል። «ቢላዋ ስጠኝ።»

ሰጠሁት፤ ስድስት ቅጠል ቆርጦ ሄደ። ወደ ጎሬ እስክዛወር ድረስ በየሳምንቱ እየመጣ ቆስጣ ወስዷል፣ ሱሪዬንም ጠግኖልኛል። እኔ የቆረጥኩለትን ግን አንድም ቀን አልተቀበለኝም። ሁልጊዜ በገዛ እጁ ነበር የሚቆርጠው።