ለየብቻ ማዳመጥ

ሰዓት ሠሪውን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ለምን» ነው የሚለው። ቆሞ የቀረ ሰዓት ይቅርና ደህና የሚሠራውንም ከፍቶ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም። ሚስቱ የግድግዳ ሰዓታቸውን የደበቀችበት ወዳ አይደለም።

ቅዳሜና እሁድ ግን ሱቁን ዘግቶ ቤተ ክርስቲያን ይሄድና በነፃ ድምፅ ያስተካክላል። ድምፅ ከሚያደባልቀው ሚክሰር ፊት ያለችውን ወንበር ሃያ ዓመት ተቀምጦባታል፤ ከልጆቹ ቀጥሎ የሚሳሳው ለእሷ ነው። እሱ የአዳራሹን ድምፅ ይይዛል። አጠገቡ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ ደግሞ ቤት ለዋሉ ሕመምተኞች በስልክ የሚተላለፈውን ትይዛለች። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሽቦ በይዶ ለሁለት የከፈለው እሱ ራሱ ነው። እሱ ከበሮ ሲያዳምጥ እሷም ከበሮ፤ እሱ ሲጨምር ለእሷም ይጨምራል።

አንድ ሰሞን ከሕመምተኞቹ አቤቱታ መጣ፤ ሰባኪው አይሰማም አሉ።

«ለምን?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ምን ላድርግ ጋሼ? እርስዎ የሚሰሙትን እንጂ የምልከውን መች ሰምቼው አውቃለሁ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

በቃ፣ ሥራ አገኘ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ከምሮ፣ ከአሮጌ ማጉያ ዕቃ እየነቀለ፣ ሁለት መስመርና ሁለት ማዞሪያ ያላት ሳጥን ሠራ። ከእንግዲህ ሁለቱም የየራሳቸውን ድምፅ በየራሳቸው መጠን ሊያዳምጡ ነው።

ቅዳሜ በልምምድ ሰዓት፣ የአዳራሹ ማጉያ ገና ሳይከፈት ሞከሯት። ልብስ ሰፊዋ ማዞሪያዋን ሁለት ቁጥር ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። ከዚያ ከሁለቱም ጆሮዎቿ ጥጥ አወጣች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጥጥ ነው» ብላ አቀረቀረች። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። በጣም ይጮህብኝ ነበር። እርስዎን ቀንሱ ማለት ከበደኝ።»

የራሱን ማዞሪያ አየ። ዘጠኝ ላይ ነው። ሳጥኗ የተበላሸች መስሎት ገለበጣት፤ ብየዳውን አንድ በአንድ መረመረ፤ ምንም እንከን የለባትም። የሰዓት ምት በጣቱ ጫፍ መዳሰስ ከጀመረ ቆይቷል፤ ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ራሱን ጠይቆ አያውቅም። አሁን ጠየቀ። ማዞሪያውን እንደ እሷ ሁለት ላይ አወረደው። ከበሮው ከሩቅ ይመታል። መዘምራኑ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«እየዘመሩ ነው?»

«አዎ ጋሼ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ደርሰዋል።»

ፈራ። ከዚያች ወንበር ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ቢሆንም ተነሣ።

«ነይ ተቀመጪ። የአዳራሹን አንቺ ያዢ።»

«ኧረ ጋሼ! እርስዎ እያሉ?»

«ተቀመጪ ብያለሁ።»

ተቀመጠች። ማጉያውን ከፈተችና ጆሮ የሚወጋውን ቀጭኑን ድምፅ መቀነስ ጀመረች። እሱ ማዳመጫውን አውልቆ ከኋላዋ ቆመ፤ ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ። ምንም ለውጥ አልሰማም።

«ቀነስሽው?»

«ቀነስኩት።»

«ብዙ?»

ዞራ አየችው። እንደ ልማዷ ልትሸፋፍንለት ፈለገችና ተወችው።

«ብዙ ነው፣ ጋሼ።»