የአድማሱን ሰም ያማሁበት ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም፤ ንስሐ አባቴም አያውቁትም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የኔን ግን የጠጣሁት ጠጅ ሁሉ አላወጣውም። አንተ አንባቢዬ ፊቴን አይተኸው አታውቅም፤ ምናልባት ላንተ መናገር የቀለለኝ ለዚህ ነው።

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ወሬ አብዝቼ እንዳላድበሰብሰው። የሐጂ ከድርን መኪና ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼ በጓደኛዬ በአድማሱ ላይ ያላከክሁትም እኔ ነኝ።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፣ ቀበሌው ወጣቱን ተደራጁ፣ ተደራጁ እያለ በሚጎተጉትበት ዘመን። እኔና አድማሱ ቦንጋ ውስጥ፣ ከመንገዱ ዳር አንዲት ላቫጆ፣ መኪና ማጠቢያ፣ ከፈትን። ቦታውን የለመንኩት እኔ፣ የውሃ መግፊያውን ሞተር ያመጣሁት እኔ፣ ቆርቆሮውን የመታሁት እኔ። አድማሱ ይዞ የመጣው ሰም ነው። ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ ገጠር ልጅ ነው፤ አባቱ ጋሽ ወልዴ ጫካ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ማሩ ተጣርቶ የሚቀረውን ሰም አድማሱ ያቀልጠዋል፣ በጨርቅ ያጠልለዋል፣ ቀለም ማቅጠኛ ጨምሮ ያለሰልሰውና በጣሳ ይዞት ይመጣል። ያ ሰም የወጣበት መኪና ገና ከፋብሪካ የወረደ ይመስል ነበር። ይህን ዛሬም አልክድም።

ሰሙ ግን ብቻውን አይወጣም። መኪናው ታጥቦ ሲደርቅ መጀመሪያ ከጂማ የምናስመጣውን ፈሳሽ ሽፋን እንቀባዋለን፤ ቀለሙን ከጭቃና ከዝናብ የሚጠብቀው እሱ ነው። ሽፋኑ አድሮ ሲጠነክር ሰሙ በላዩ ይወጣል። ሳይጠነክር ከወጣበት፣ ሰሙ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ሽፋኑን ያሟሟዋል፤ ሁለቱ ተቦክተው ይበላሻሉ። ይህን አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ የማስረዳው እኔ ነበርኩ።

ስንሠራ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ ጀምረን ኮፈኑ ላይ እንገናኛለን። ቀድሞኝ ከደረሰ በጨርቁ ክንዴን መታ አድርጎ፣ "አረጀህ እኮ አንተ ሰውዬ!" ይለኛል። እስቃለሁ። ወንድም የለኝም፤ ወንድም ማለት እንዲህ ነው እያልኩ አስብ ነበር።

ታዲያ ምን ነካኝ? ምቀኝነት ነካኝ፤ ሌላ ስም የለውም። ሾፌሮቹ መጥተው እኔ ቧንቧ ይዤ ከፊታቸው ቆሜ፣ "ያ የሰሙ ልጅ የለም እንዴ?" ይላሉ። አለ ስላቸው ያቆማሉ፤ የለም ስላቸው ነገ እንመጣለን ብለው ይሄዳሉ። ቦታው የኔ፣ ሞተሩ የኔ፣ ስሙ ግን የእሱ ሆነ። አድማሱ አንድም ቀን አልኮራብኝም። እንዲያውም አለመኩራቱ ይብስ አናደደኝ። ቢኮራ ኖሮ ቢያንስ የምጠላበት ምክንያት አገኝ ነበር።

ሐጂ ከድር የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ገበያው ዳር ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ እሑድ ሙሽራዋ የምትሄድበትን ጥቁር መኪና ሐሙስ ዕለት አመጡልን። አጠብነው፤ ሽፋኑን አብረን ቀባነው። አድማሱ ሰም አልቆበት ከጣሳው ሥር ትንሽ ብቻ ቀርታ ስለነበር ለመጨመር ወደ ማንኪራ ሊሄድ ተነሳ። "ሽፋኑ ይደር። ነገ ከሰዓት እመጣና ሰሙን አብረን እናወጣለን" ብሎኝ ሄደ።

ጊዜ ነበረን፤ አርብም ቅዳሜም ነበረን። የቸኮልኩት መኪናውን ለሐጂ በእጄ፣ ብቻዬን ላስረክብ ብዬ ነው። አድማሱ ሲመለስ ባዶ ቦታ እንዲያገኝ ፈለግሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አየሩ ሁሉ ውሃ ሆኖ፣ ሽፋኑ አልደርቅ አለ። ቦንጋ ውስጥ ክረምት ልብስ እንዴት እንደሚደርቅ ታውቃለህ? በከሰል ነው። እኔም ምድጃ አቀጣጠልኩና በመኪናው ዙሪያ እያዞርኩ አደረቅሁት። ጣቴን ሳሳርፍበት ደረቅ ነው። ለጣት መድረቅና መጠንከር አንድ እንዳልሆኑ እያወቅሁ፣ እያወቅሁ እልሃለሁ፣ የጣሳውን ትራፊ ሰም እስከ መጨረሻው አወጣሁበት። በቆርቆሮው ጥላ ውስጥ አበራ። በማግሥቱ ጠዋት ሐጂ መጥተው ዞረው ዞረው አዩትና፣ "ማሻ አላህ! ለካ አንተም ትችላለህ" አሉኝ። ያቺ "አንተም" ብትቆረቁረኝም ደስ አለኝ።

አድማሱ ከሰዓት መጥቶ መኪናውን ሲያጣ፣ "አሳድረኸዋል አይደል?" አለኝ። "አሳድሬ ጠዋት ነው ሰሙን ያወጣሁት" አልኩት። አመነኝ። ለምን አያምነኝ?

እሑድ ፀሐይ ወጣች፤ ከዚያ ካፊያ መጣ። ጥቁሩ መኪና በሙሽሪት ደጃፍ ቆሞ ነጫጭ ለምጽ አወጣ። ጨርቅ ይዘው ያባበሱት ጊዜ ይበልጥ ተላቆጠ። የሙሽራው ወገኖች ክፉ ምልክት ነው አሉ፤ ሙሽሪት በሰው መኪና ሄደች። ሰኞ ሐጂ ከድር መኪናውን አምጥተው ከፊታችን አቆሙት። አልጮኹም። ድምፃቸው ተሰብሮ፣ "ልጄ በአደባባይ አለቀሰችብኝ። ምንድን ነው ያደረጋችሁኝ?" አሉ።

አድማሱ ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ልናገር ብል ጊዜው ያኔ ነበር። አፌን ከፍቼ፣ "ሰሙ ይሆናል፣ ሐጂ" አልኩ። "የገጠር ሰም እኮ ነው፤ ምን እንደሚገባበት አይታወቅም።"

አድማሱ ጣሳውን አየ፤ መኪናውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሐጂን ጉልበት ሊይዝ ሞከረ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባቴ። ሰሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ" አለ። ያን መኪና ብቻውን ፈግፍጎ እንደገና አጸዳው፤ እኔን አላስነካኝም። ተቆጥቶ እንዳይመስልህ፤ አፍሮ ነው። ሲጨርስ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ አገሩ ሄደ። በከተማው የማንኪራ ሰም ቀለም ይበላል ተባለ። ወሬውን ሰማሁ፤ ሲጠይቁኝም አዎ እንደማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። የፋብሪካ ሰም ከጂማ እየገዛሁ እሠራለሁ። ሠራተኛ ቀጥሬ አውቃለሁ፤ አንዳቸውም አልሰነበቱም፤ ጠባዬ ነው መሰለኝ። በግራ ጀምሬ፣ ዞሬ፣ በቀኝ ጨርሼ ኮፈኑ ላይ ስደርስ የሚጠብቀኝ የለም። ሚስቴ ቤት ውስጥ ለምን ዝም እንደምል ትጠይቃለች። ምን ልበላት?

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ወልዴ ማረፋቸውን ዘግይቼ ሰማሁ። ለቅሶ መድረስ አይቀርም፤ ደግሞም ሁሉን ለአድማሱ ልነግረው ቆርጬ ነበር። በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ፣ በጫካው መንገድ ቃሉን እያጠናሁ ማንኪራ ደረስኩ። አድማሱ ሸምግሏል። ሲያየኝ ተነስቶ አንገቴን አቀፈኝ፤ ከጎረቤቶቹ መሃል አስቀመጠኝ። እግዜር ያጽናህ አልኩት። ቀጥዬ ልናገር ስል እሱ ቀደመኝ።

"አባቴ እስኪሞት ድረስ ሰሜ ምን ጎደለው እያለ ይጠይቀኝ ነበር" አለ። "ቀፎ መስቀልም ተወ። እኔ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ያንተ ነገር ነው። በኔ ሰም በሰው ፊት ተዋረድክ፤ ያቋቋምከውን ሥራ አበላሸሁብህ። ስንት ጊዜ ቦንጋ ልመጣ ተነስቼ እግሬ እምቢ አለኝ። በአባቴ አፈር ይዤሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።"

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ያጠናሁት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ እምልልሃለሁ፣ ነበር። መናገር እችል ነበር። ሰው ፊት ነው፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ እያልኩ ሰበብ ልደረድርልህ አልፈልግም። ፈራሁ፤ ያ ብቻ ነው።

"ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት።

አድማሱ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ፤ እንዲህ ያለ ልብ ይስጠን አሉ። እሱ እጄን ይዞ እስከ መንገዱ ሸኘኝ፤ ቀለለኝ፣ ቀለለኝ እያለ።

ላንተ ስናዘዝ ፍታኝ ማለቴ አይደለም። በምን አፌ ይቅርታ እለምናለሁ? ይቅር ባዩ እኔ ሆኜ ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ።