ጨው የሌለው ወጥ
አባቴ ሰባን ካለፈ በኋላ ደም ግፊቱ አልወርድ አለ። ሃያ ሁለት ሰፈር ባለ ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት ሐኪም፣ «አባባ፣ በጉልምስናዎ ጨውን ኩላሊትዎ በቀላሉ ያስወጣው ነበር። አሁን ግን እሱም ደክሟል፣ የደም ሥሮችዎም ጠንክረዋል፤ ያው ጨው ግፊትዎን ያንረዋል» አለችው።

ጨውን ከቤት አወጣሁ። አባቴም መብላት ተወ።

«አባዬ፣ ትንሽ ብላ» ስለው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁት ዛሬ እንዴት ጠላቴ ሆነ?» ይለኛል።

እየከሳ ሱሪው ከወገቡ ሲወርድ አላስቻለኝም፤ ወጡ ላይ ጨው መጨመር ጀመርኩ። ጠግቦ በላ፤ መረቀኝም። ወር ሳይሞላ ግፊቱ አሻቅቦ ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው።

አሁን ጨው የሌለው ፍትፍት አጎርሰዋለሁ። አፉ ውስጥ ይዞት ግድግዳውን ያያል። ምን ባደርግ ይሻል እንደነበር ዛሬም አላውቅም።