አክርማ በአሸዋ ግቢ

ጣና ዳር ባለ ችግኝ ጣቢያ በተቀጠርሁበት ቀን ፎርማናችን ጋሽ ይሁኔ ዶማ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ባልዲ ውኃ ሰጡኝ። «ይህን መደብ በዚህች አዳርሺው» አሉ። ግማሹ ላይ ስደርስ አለቀብኝ። አልተቆጡኝም። ጣሳ አምጥተው፣ ጎንበስ ብለው ከየችግኙ ሥር እንዴት እንደሚፈስ አሳዩኝ። ጣና ዐይናችን ሥር እያለ ውኃ መቆጠብን የተማርሁት ከእሳቸው ነው።

ከቀን ሠራተኛነት ወደ አትክልተኛነት እንዳደግሁ ከጋሽ ይሁኔ ጋር ወይዘሮ ሰላማዊት ቤት ተላክን። ከሐዋሳ የመጡ የፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ግቢያቸው ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ነው። የተከሉት የምንጣፍ ሣር የቧንቧ ውኃ ሲጠፋ ደርቆ አልቋል። ነፋስ በተነሣ ቁጥር አሸዋው ቤት ይገባል፤ ሳንባቸውን የሚያማቸው አባታቸው መስኮት ዘግተው ይውላሉ።

«አሁንም ካልሆነ ሲሚንቶ አስደፋበታለሁ» አሉን።

«ሲሚንቶማ በፀሐይ ይግላል፤ እኔን ከቤት አያወጣኝም» አሉ አባትየው ከውስጥ።

ጋሽ ይሁኔ አሸዋውን ዘግነው በጣቶቻቸው መሀል ለቀቁት። «እስቲ አክርማ እንሞክር» አሉ። ሴቶች ለስፌት የሚነጩት፣ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ጠንካራ ሣር ነው።

ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው መሸንቲ ሄድን። አንዲት ስፌት ሰፊ «እኔ የምነጨውን እናንተ ልትተክሉት?» ብላ እስክትደክም ሳቀች። ቢሆንም ከማሳዋ ወሰን ላይ ደህና ደህናውን መርጣ ከነሥሩ ሰጠችን። «ሥሩን ፀሐይ እንዳታሳዩት» አለችን። በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልነው።

በሰኔ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ ተከልን። ቁጥቋጦውን በማጭድ ከፋፈልን፤ ቅጠሉን ስንዝር ያህል አስቀርተን ቆረጥን፤ ጉድጓዱ ውስጥ ጥቂት የበሰለ ፍግ ጨምረን ዙሪያውን በተረከዝ ጠቀጠቅን። በየመሀሉ ሰርዶ አስገባን። ክረምቱ ሲወጣ በሳምንት አንዴ አጠጣን፤ ቀስ በቀስም ተውነው።

መጋቢት ላይ ሁሉም ገለባ መሰለ። ወይዘሮ ሰላማዊት ደወሉ። «የሲሚንቶ ሠራተኞች ነገ ይመጣሉ፤ መጥታችሁ ሣራችሁን ንቀሉ።»

ግቢው በእኔ ስም የተሰጠ የመጀመሪያው ሥራ ነበር። ጋሽ ይሁኔ ብቻዬን ሊልኩኝ ይችሉ ነበር፤ ግን አብረውኝ መጡ። ግቢው ውስጥ ተንበርክከው ደረቁን ቅጠል ገለጥ አደረጉና «ልጄ፣ ነይ እዪ» አሉኝ። ግርጌው ገና አረንጓዴ ነው። ለወይዘሮ ሰላማዊት አሳየኋቸው።

አባትየው በሩን ይዘው ቆመዋል። «ሰላም» ብለው ልጃቸውን ጠሩ፣ «ሰሞኑን እኮ አሸዋ አልገባም። ሌሊት አልሳልኩም፤ አላስተዋልሽም?»

ወይዘሮ ሰላማዊት ስልካቸውን አውጥተው ሠራተኞቹን አስቀሩ። «እስከ ክረምት ይቆይ» አሉ።

ዝናቡ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ደወሉልኝ። «አባዬ ዛሬ ቁርሱን ደጅ በላ» አሉ። ለጋሽ ይሁኔ ስነግራቸው «ጎሽ» ብለው ወደ መደባቸው ተመለሱ።

ዛሬ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ፎርማኗ እኔ ነኝ። ያን ቀን አብረውኝ ባይመጡ ኖሮ ሥራውን እተወው ነበር ብዬ አስባለሁ። ለአዳዲሶቹ የምነግራቸው ይኸን ነው፤ ለአሸዋ ግቢ ደረቅ መሬት የለመደ ሣር ፈልጉ፤ በክረምት መግቢያ ትከሉ፤ በበጋ ደረቀ ብላችሁ ከመንቀላችሁ በፊት ግርጌውን ገልጣችሁ እዩ።