ፀሐይ የሌለውን ፕላኔት ለታጣቂው ሳስረዳ

መተማ ዮሐንስ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህ በደረሰ ጊዜ ጎንደር ስማር የቆየሁት የማስተርስ ትምህርት ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ የቀረኝ ፈታኞቹ ፊት ቆሜ ጥናቴን ማስረዳት ነበር። ጥናቴ በየትኛውም ኮከብ ዙሪያ ስለማይዞሩ፣ በጨለማው ህዋ ብቻቸውን ስለሚንከራተቱ ፕላኔቶች ነው። ተዘግቶ የሰነበተው የጎንደር መንገድ ተከፈተ ሲባል ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት የእናቴ ጎረቤት የሆኑ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ነበሩ።

ገንዳ ውሃን እንዳለፍን ከሰሊጥ ማሳው ውስጥ ታጣቂዎች ወጡ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ውረዱ!»

ከእኛው ጋር የተሳፈሩትን፣ ከሰሊጥ አጨዳ የሚመለሱ የወሎ ልጆች ለብቻ አቆሟቸው። አለቃ የሚመስለው ቦርሳዬን በርብሮ ላፕቶፔን አወጣና «ክፈችው» አለኝ። የይለፍ ቃሉን ደጋግሜ ተሳሳትኩ። በመጨረሻ ሲከፈት፣ ቀጥ ብለው የተደረደሩ ነጠብጣቦች መሃል ላይ ጉብ ብለው የሚታዩበት ሥዕል ወጣ።

«ምንድን ነው ይኸ? ለማን ነው የምትልኪው?»

«የኮከብ ብርሃን ነው።»

«እየቀለድሽ ነው?» ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ወላሂ፣ አስተማሪ ናት» አሉ ሐጂ።

«እርስዎን አልጠየቅሁም፣ አባት።»

ተማሪ ፊት እንደቆምኩ ሆኜ ልናገር ብዬ ቆረጥኩ።

«ይህ ሩቅ ያለ ኮከብ ነው፣ ወንድሜ። ብርሃኑ ሁልጊዜ ያው ነው። እዚህ ጋ ግን ለጥቂት ሰዓት ጨመረ። በፊቱ የማይታይ ነገር አልፎ ይሆናል። የዚያ ነገር ስበት የኮከቡን ብርሃን እንደ አጉሊ መነጽር ሰብስቦ ያደምቀዋል።»

«የማይታየው ምንድን ነው?»

«ፕላኔት ይመስለኛል። ፀሐይ የሌለው።»

«ፀሐይዋ የት ሄደች?»

«ፕላኔቱ ድሮ ከሌሎች ፕላኔቶች ጋር ሲገፋፋ ከፀሐይዋ ተወርውሮ ወጥቶ ይሆናል።»

«ኮከቡ ራሱ ቦግ ብሎ ቢሆንስ?»

«እንደዚያ ቢሆን በድንገት ደምቆ ቀስ እያለ ይደበዝዝ ነበር። ይህ ግን አወጣጡም አወራረዱም እኩል ነው።»

ሥዕሉን ቆይቶ አየው። ምን እያሰበ እንደሆነ ከፊቱ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ከዚያ ላፕቶፑን ዘጋና ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

«ግቡ!»

የወሎ ልጆቹም ስልካቸውን ተነጥቀው ገቡ። አፌን ልከፍት ስል ሐጂ ክንዴን ጭብጥ አደረጉኝ። «ተይው ልጄ። ነፍስሽን ይዘሽ ግቢ።»

የጥናቱ ጽሑፍ አማካሪዬ ዘንድ ነበር፤ የኮከቡም መረጃ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። በተዋስኩት ኮምፒውተር ሥዕሎቹን እንደገና ሠርቼ ፈታኞቹ ፊት ቆምኩ። አለፍኩ። «ተገኘ» የሚለውን ግን «ሊሆን ይችላል» በሚል እንድለውጠው አዘዙኝ፤ እንዲህ ያለ ፕላኔት በዚያ ኮከብ ፊት ዳግም ስለማያልፍ ማረጋገጥ አይቻልም። ለወጥኩት።

ወደ መተማ የተመለስኩት ከጭነት መኪኖች ጋር በወታደሮች አጀብ ነው። ገንዳ ውሃ እስክንደርስ ዓይኔን ከማሳው ላይ አላነሳሁም።