የኮሶዬው መሬት ይዘራ ወይስ ይቅር?

ይህ ነገር የገጠመኝ ከሚሌኒየሙ በዓል በኋላ ባሉት ዓመታት በአንዱ፣ ግንቦት አልቆ ሰኔ ሊገባ ሲል ነው። እኔ ብዙ ነገር የሚረሳኝ ሰው ነኝ። ይህን ግን ደመናው መክበድ በጀመረ ቁጥር ሳልፈልግ አስታውሰዋለሁ። አንድ ገበሬ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔም መመለስ የማይገባኝን መለስኩለት።

የተወለድኩት ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነው። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አያቴም እንዲሁ ነበሩ። እኔ ንግዱን ትቼ የምግብ ቴክኖሎጂ ተማርኩና አዲስ አበባ አንድ ብስኩት አምራች ኩባንያ ውስጥ ተቀጠርኩ። ኩባንያው የድንች ጥብስ በላስቲክ አሽጎ የሚሸጥ ፋብሪካ ለመክፈት አሰበ። ቦታ የማወዳደሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። የታጩት ሦስት ናቸው፤ ሻሸመኔ አካባቢ፣ ሆለታ አካባቢ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ኮሶዬ። የየትኛው ቦታ ድንች ጥራት ይሻላል? አምርቶ ገበያ ለማድረስስ የቱ ጋ ወጪው ያንሳል? ይህን አጥንቼ ማቅረብ ነበረብኝ።

ሲወራ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ኮሶዬ ስደርስ አልቄ ነበር። ወራት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ነው ያለፉት። ውኃ በማይመጣባቸው ሆቴሎች አድሬያለሁ፤ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" እየተባልኩ በየቢሮው ኮሪደር ተቀምጫለሁ፤ የድንች ናሙና በማዳበሪያ ተሸክሜ ወገቤ ተቆርጧል። የሄድኩበት ሁሉ "የኛ ድንች በአገሪቱ አንደኛ ነው" ይሉኛል። መጨረሻ ላይ ሳልሰማ ራሴን መነቅነቅ ጀምሬ ነበር።

ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምታስተምር አብሮ አደጌ ወጥ ቤቷን ለቀቀችልኝ። ከሦስቱም ቦታ ያመጣሁትን ድንች በስሱ እየቆራረጥኩ በአንድ ዓይነት ዘይት፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ጠበስኩት። ጥሩ ድንች ሲጠበስ ወርቅ ይመስላል፤ ስኳር የበዛበት ይጠቁራል። የሻሸመኔው ጠቆረ። የሆለታው ደህና ነበር። የኮሶዬው ግን ጥርስ ሲያርፍበት ድምፁ ጎረቤት የሚሰማ፣ ወርቅ የሆነ ጥብስ ወጣው። የአገሬ አፈር ስለሆነ ይሆናል፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ሁለተኛውን ዙር ሳልጨርስ መብራት ጠፋ።

አብሮ አደጌ ሳቀች። "ይህንንም ጻፊው እንጂ" አለችኝ። ጻፍኩት። ከሦስቱም ጥብስ ጥቂት ጥቂት በቆርቆሮ አሽጌ ለዋናው ቢሮ ላክሁ።

ወጪው ሲሰላ ደስታዬ አልቆየም። ዘይቱም ማሸጊያው ላስቲክም ከአዲስ አበባ ይመጣል። የተጠበሰውም ተመልሶ የሚሸጠው አዲስ አበባ ነው። በዚያ ላይ የታሸገ ጥብስ ግማሹ አየር ነው፤ መኪናው ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አየር ጭኖ ነው የሚሄደው።

ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩለት። "ጥራቱ ኮሶዬ፣ ወጪው ሆለታ" አልኩት።

"ልዩነቱ ሰፊ ነው?"

"ሰፊ ነው። በጥራት የምናገኘውን መንገዱ ይበላዋል።"

"እንግዲያው ሆለታ ነው። የኩባንያው ባለቤት ሐሳብም ወደዚያው ነው" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እዚያ ግን ለማንም እንዳትናገሪ። ኮሶዬ ገና እጃችን ላይ እንዳለች ይምሰል። ሆለታ ላይ መሬቱን በደህና ዋጋ ለማግኘት ይረዳናል።"

ነጋዴ ቤት ነው ያደግኩት። "ሌላ ሱቅ አይቻለሁ" ብሎ ዋጋ ማስቀነስን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አንድ የቀረኝ ነገር የምንጩን ውኃ ናሙና መውሰድ ነበር። በማግስቱ ኮሶዬ ወጣሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ትሑት ወጣት፣ ተቀብሎኝ ወደ ምንጩ አብረን ወረድን። ጉሙ ገና አልተነሳም። በዙሪያው ያለው ማሳ ሁሉ ታርሶ፣ ጥቁር አፈሩ ተገልብጦ ይታያል። መካከል ላይ ያለው መሬት ብቻ ሣር ለብሶ ተኝቷል።

"ይኼኛው ሳይታረስ የቀረው ለምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ይኼማ የናንተው ነው!" አለኝ በኩራት። "ከጥር ጀምሮ ማረሻ እንዳይነካው ብለናል። ኩባንያው ሲመጣ ንጹሕ መሬት ያግኝ ብለን ነው።"

"ባለቤቶቹስ?"

"ጥቂት አባወራዎች ናቸው። ለእነሱ ካሳ አለ።"

እኛ መሬት ከልሉልን አላልንም። ማንም እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቀም። "መጥተን እናያለን" ነው ያልነው፤ እነሱ ደግሞ እንዳንሸሽ ብለው ሰዎቹን ከማረስ ከለከሏቸው። ይህን እያሰብኩ ጠርሙሴን ስሞላ ሊቀመንበሩ ስልኩ ኔትወርክ እንዲይዝለት ወደ አስፋልቱ ወጣ። ይህን ጊዜ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከማሳው ጥግ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። እስኪሄድ ሲጠብቁ የነበሩ ይመስለኛል።

"እንዴት አደርሽ ልጄ?"

"ደህና፣ እንዴት አደሩ?"

"ይመስገነው። ተገኘ እባላለሁ። ይኼ ከምንጩ በላይ ያለው መሬት የኔ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቆጪም?"

"ለምን እቆጣለሁ አያ ተገኘ? ይጠይቁኝ።"

"ፋብሪካው ይመጣል ወይስ አይመጣም?"

"ገና አልተወሰነም" አልኩ። አፌ ለምዶታል።

"እሱንስ ሁሉም ይለኛል" አሉ ሳይቆጡ። "ከወረዳ የሚመጣው ይለኛል፤ ይኼ የኛው ልጅም ይለኛል። ዝናቡ ግን እስኪወሰን አይቆየኝም። ቤት ያለው የዘር ድንች አቆጥቁጦ አልቋል። ይቺ ሳምንት ካለፈች ለዘርም አይሆን፣ ለመብልም አይሆን። ፋብሪካው ቢመጣ ሸጋ ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ሥራ ይገቡበታል። አልጠላም። የማይመጣ ከሆነ ግን ምነው ብትነግሩኝ?"

ቀና ብዬ ወደ አስፋልቱ አየሁ። ሊቀመንበሩ ጀርባውን ሰጥቶ እየጮኸ ያወራል። ሥራ አስኪያጁ ያለኝ ትዝ አለኝ። "እኔ አላውቅም፣ አለቆቼን ይጠይቁ" ማለትም ይቻል ነበር። ብዙ ቦታ እንደዚያ ብያለሁ። ያን ቀን ግን እንዲያ ብሎ ለመናገር እንኳ ጉልበት አጣሁ።

"አያ ተገኘ፣ መሬቱ የኔ ቢሆን ዛሬ ነገ ሳልል እዘራው ነበር።"

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ቁልቁል ወረዱ። በዚያ ዕድሜ እንዲያ ይፈጥናሉ ብዬ አልጠበቅኩም።

ጎንደር ሆኜ ሪፖርቴን በመጻፍ ላይ ሳለሁ ሊቀመንበሩ ደወለ። ያ "እርስዎ" የሚለኝ ልጅ ያን ቀን አንቺ አለኝ።

"ዝሩ ያልሽው አንቺ ነሽ አሉ! ሁሉም ጥማዳቸውን ይዘው ወጥተው መሬቱን ገለበጡት!"

"የራሳቸው መሬት አይደለም እንዴ?" አልኩት።

"ክልክሉን ጥሶ ያረሰ ካሳ አያገኝም ተብሎ በስብሰባ ተነግሯል። ነገ ፋብሪካው ቢመጣ አዝመራውም የለ፣ ካሳውም የለ። አንቺ አዲስ አበባሽ ትገቢያለሽ። እነሱስ?"

የካሳውን ነገር አላውቅም ነበር። ስልኩን ይዤ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። "አይመጣም" ልለው ፈለግኩ፤ ግን በእርግጥ የሚያውቁት የኩባንያው ባለቤት ብቻ ናቸው። እኔ ያለኝ የሥራ አስኪያጁ አንድ ቃል ነው።

ከመሄዴ በፊት አባቴን ለመሰናበት ሱቅ ሄድኩ። አባቴ ለመስጊዱም ለገበያውም "ልጄ ፋብሪካ ልታመጣ ነው" ብለው ጨርሰዋል። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ልጁን እንዳስቀጥርለት ይለምነኝ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አቡጀዲ እያጠፉ ሰሙኝ።

"አይመጣም ማለት ነው?"

"የሚመጣ አይመስለኝም አባባ።"

"እኔ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ።"

"አውቃለሁ።"

ጨርቁን መደርደሪያው ላይ አኖሩና፣ "ሰውየው ዘራ?" አሉኝ።

"ዘራ።"

"ይሁን። የነገርኩትን ሰው እኔ እመልሰዋለሁ" አሉ።

አዲስ አበባ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘግቶ፣ "አፍሽን መያዝ ይህን ያህል ከበደሽ?" አለኝ። ጥናቱን ከእጄ ወስዶ ለሌላ ሰው ሰጠው። ይህን ጠብቄ ነበር፤ ብዙም አልከፋኝም። ልወጣ ስል ግን እንዲህ አለ።

"ደግሞ ልንገርሽ። ባለቤቱ የላክሽውን ጥብስ ቀምሰው የኮሶዬውን ወደውታል። ወጪው እንደገና ይታይ ብለዋል።"

በቆርቆሮ አሽጌ የላክሁት ያ ወርቅ የመሰለ ጥብስ የእነዚያን ሰዎች ክረምት ሊበላው ነው። ጥሩ አድርጌ በመጥበሴ የተጸጸትኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ዝናብ ቆርቆሮውን በመታው ቁጥር ድንቹ አሁን ምን ያህል ደርሶ ይሆን እላለሁ። ዶዘር ሲገባበት ይታየኛል። ኮሶዬ ስልክ የምደውልለት ሰው የለኝም፤ ሊቀመንበሩን ደግሞ ፈራሁት። ቢሮ ውስጥ ሰው ስለ ፕሮጀክቱ ሲያወራ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ እኔ ስቀርብ ወሬው ይቆማል። ለገዛ አገሩ ፋብሪካ እንዳይመጣ ዱዓ ያደረገ ብቸኛው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። አባቴ ቢሰሙኝ ምን ይሉ ነበር?

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ሻይ ስንጠጣ፣ "የድንቹ ነገር እኮ አለቀ፣ ሆለታ ሆነ" አለችኝ። እንደ ዋዛ ነው የተናገረችው። ብርጭቆውን አስቀምጬ መጸዳጃ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። እፎይ ብዬ ያለቀስኩ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ስለ ጎንደርም ነበር። መንገድ ላይ እያስቆሙ የለመኑኝ አባቶች ፊት ይታየኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ አባቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳልቆይ ሚኒባስ ይዤ ኮሶዬ ወጣሁ። አያ ተገኘ ከሁለቱ ልጆቻቸው ጋር ድንች እየቆፈሩ አገኘኋቸው። አዝመራው የተመኘሁትን ያህል አልነበረም። በሽታ ገብቶበት ከምንጩ በኩል ያለው ቅጠሉ ተቃጥሎ ቀርቷል። የተረፈው ግን ደህና ነበር፤ ለዓመቱ ያደርሰናል አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ የነበረውን አወጣሁት። "አያ ተገኘ፣ የካሳውን ነገር አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ዝሩ ማለቴን እንጃ። ይቅር ይበሉኝ።"

ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። "እኔ አውቅ ነበር እኮ። ስብሰባው ላይ ተቀምጬ ነበር።"

"ታዲያ እንዴት ደፈሩ?"

"አልተወሰነም እያለ የሚመጣው ሁሉ ደስ ብሎት፣ እየሳቀ ነው የሚመጣው። አንቺን ሳይሽ ፊትሽ ዝሎ ነበር። የደከመው ሰው ለመዋሸት አቅም የለውም ብዬ አመንኩሽ።"

ትልቋ ልጃቸው ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስሄድ በፌስታል ድንች ቋጥረው ሰጡኝ። እምቢ ብል አልሰሙኝም።

ኩባንያው በዓመቱ ውሌን አላደሰልኝም። ፋብሪካው ሆለታ ተከፍቶ ጥብሱ በየሱቁ ይሸጣል፤ ደህና ነው፣ እኔም ገዝቼ በልቻለሁ። የኮሶዬን ግን አያክልም። እኔ ዛሬም ሌላ ቦታ ያንኑ ሥራ እሠራለሁ፤ ከተማ ከከተማ አወዳድራለሁ።

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሰዎች "ደፋር ነበርሽ፣ ትክክል አደረግሽ" ይሉኛል። ድፍረት አልነበረም። ትክክል ነበርኩ ለማለትም ያስቸግረኛል፤ ባለቤቱ ለዚያ ጥብስ ሲሉ ኮሶዬን መርጠው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው በሌላ ልብ ነበር። አሁንም አንድ ገበሬ መሬቱ ዳር ቆሞ ያንኑ ቢጠይቀኝ ያንኑ የምመልስለት ይመስለኛል። ከዚያም ክረምቱን ሙሉ እፈራለሁ።