ቅልጥም በሁዳዴ

አባቴ በዕድሜያቸው ሁዳዴን የገደፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያስገደፍኳቸውም እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ሰቆጣ ቤት ተከራይቼ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ቤተሰቦቼ ጋዝጊብላ ገጠር ናቸው። አባቴ ከንፈራቸው ነጥቶ፣ ከመደብ እስከ ደጅ ለመሄድ እንኳ መሐል ላይ ያርፉ ነበር። ሐኪም ዘንድ ተወስደው፣ ደም የሚሠራው መቅኒያቸው ደክሟል ተብለው ተመለሱ።

በዚያው ሳምንት የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ስቴም ሴል አስተማረን። "ገና ሥራ ያልያዘ ሕዋስ ነው" አለ። "ፅንሱ በተጀመረ ሰሞን ያሉት ሁሉንም መሆን ይችላሉ፤ ዓይንም፣ ልብም፣ አጥንትም። ሰውነት ከተሠራ በኋላ የሚቀሩት ግን ምርጫቸው ይጠብባል። የቆዳው ቆዳን ይተካል፤ የመቅኒው ቀይና ነጭ የደም ሕዋስ ይወልዳል። ምን እንደሚሆን የሚወስንለት ያለበት ቦታና ከጎረቤቶቹ የሚደርሰው መልእክት ነው።" ሌላው ተማሪ ይጽፋል። እኔ ብዕሬን አስቀምጬ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደም የሚወለደው ከመቅኒ ነው።

ቅዳሜ በእግሬ አገሬ ገብቼ ያለችን ፍየል ትታረድ፣ ደም እንዲተካላቸው አባዬ የቅልጥሟን መቅኒ ይብሉ አልኩ። እናቴ ደረቷን መታች። "በሁዳዴ? ጎረቤቱስ ምን ይለናል?" የንስሐ አባታችን ግን የታመመ ሰው አይገደድም ብለው ፈቀዱ። በቅበላ ማግስት በአመድ ታጥቦ የተቀመጠው የሥጋ ድስት ወጣ። ከቅልጥሙ በቀር የቀረውን ማንም አልነካውም፤ እናቴ ቋንጣ ዘልዝላ ለፋሲካ ሰቀለችው።

አባቴ ድስቱን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "ስለ እኔ ብለው ይቅመሱ" ብዬ ተንበርክኬ ለመንኳቸው። ብዙ ቆይተው ተነሥተው ተቀመጡ። ቅልጥሙን መጠጡትና አማተቡ።

ሰኞ ለመምህሬ በኩራት ነገርኩት። የያዘውን ጠመኔ አስቀመጠ። "የተቀቀለ ሕዋስ የሞተ ሕዋስ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ። "ጥሬውንም ቢሆን ሆድ ይፈጨዋል። ምግብ ነው እንጂ የእሳቸው መቅኒ ውስጥ ገብቶ ደም አይሠራም።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በግማሽ እውቀት የአባቴን ጾም ወሰድኩባቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄጄ ከመደባቸው ሥር ተቀመጥኩ። "አባዬ፣ ተሳስቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

"እሱንስ አውቄዋለሁ" አሉ። "ቅልጥም ቢያድን ኖሮ ባለጠጋ ይሞት ነበር?"

"ታዲያ ለምን ቀመሱ?"

"እኔስ መሄዴ ነው። አንቺ ግን 'ቢበሉልኝ ኖሮ ይድኑ ነበር' እያልሽ እንዳትኖሪ ብዬ ነው።"

ቋንጣው ለፋሲካ ደረሰ፤ አባቴ አልደረሱም።

አሁን ባዮሎጂ የማስተምረው እኔ ነኝ። ስቴም ሴል ላይ ስደርስ መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ የድስት መቅኒ ምግብ ነው እላለሁ። ብዕሩን አስቀምጦ የሚሰማኝ ተማሪ ካየሁ ደግሞ፣ ከክፍል ሲወጣ ጠብቄ ቤት ማን እንደታመመበት እጠይቀዋለሁ።